ያው ጥያቄ ተመልሶ ሲመጣ፦ ለሀዋሳ የቴሌግራም ግሩፕ አድሚኖች የንጽጽር መመሪያ

የከተማዋ ስም ራሱ በአራት መልክ ይጻፋል፤ ሀዋሳ፣ ሃዋሳ፣ ሐዋሳ፣ የድሮውን ያልተወ ደግሞ አዋሳ። ለዓይናችን አራቱም አንድ ናቸው። የቴሌግራም መፈለጊያ ግን ፊደልን ከፊደል ያስተያያል እንጂ ድምፅ አይሰማም። «ሐዋሳ የቤት ኪራይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ሀዋሳ» ተብሎ የተጻፈውን መልስ ሳያገኝ ይቀርና ጥያቄውን እንደ አዲስ ይለጥፋል። አድሚኑ «ከላይ ተመልሷል፣ ፈልገህ አንብብ» ይላል። ሰውየው ግን ፈልጓል።

ተደጋጋሚ ርዕስን ማጥፋት ይሻላል፣ መዝጋት፣ ማዋሐድ ወይስ መተው? ከመምረጥ በፊት ለምን እንደተደገመ ማየት ይቀድማል። ምክንያቱ ሳይነካ የጠፋ ጥያቄ በማግስቱ በሌላ ሰው ስም ተመልሶ ይመጣል።

መልሱ ለምን አይገኝም

የፊደሉ ጣጣ ከከተማዋ ስም ያልፋል። «ሥራ» እና «ስራ»፣ «ዓመት» እና «አመት»፣ «ሐኪም» እና «ሀኪም» ለማሽን የተለያዩ ቃላት ናቸው። ከዚህ የሚብሰው ቅጥያው ነው። «ኪራይ»፣ «ለኪራይ»፣ «የሚከራይ»፣ «ተከራይ» አንድ ጉዳይ ይዘው መነሻ ፊደላቸው አይገናኝም። አማርኛን በእንግሊዝኛ ፊደል የሚጽፈውም ብዙ ስለሆነ፣ የእሱን መልስ በግዕዝ ፊደል የሚፈልግ ሰው አያገኘውም።

በድምፅ መልእክት የተሰጠ መልስ ለፍለጋ ሲባል እንዳልተሰጠ ነው። የኪራይ ውል አደራረግን ቁጭ ብሎ በሦስት ደቂቃ ድምፅ ያስረዳ ደግ ሰው ውለታው ለዚያ ቀን ብቻ ይሆናል። አንድ ሰው ከሥሩ «የቤት ኪራይ ውል፣ ምን ምን ይጻፋል» ብሎ አንድ መስመር ሪፕላይ ካደረገበት ግን መልሱ ይድናል። ስክሪንሾት ሆኖ የተላከ ማስታወቂያም እንደዚሁ ነው፤ ከሥሩ ጽሑፍ ከሌለው በቃል ፍለጋ አይወጣም።

ብዙ አድሚን የማያየው አንድ ቅንብር ደግሞ አለ። በግል ግሩፕ ውስጥ የቆየ መልእክት ለአዲስ አባላት እንዳይታይ ተደርጎ ሊሆን ይችላል። እንዲያ ከሆነ ትናንት የገባ ሰው የአምናውን መልስ ቢፈልግም አያየውም፤ ሊንኩን ብትልኩለትም አይከፈትለትም። በግሩፑ መረጃ ገጽ ላይ ማስተካከያውን ከፍታችሁ «የሚታይ» አድርጉት። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ይህ ሳይስተካከል ከዚህ በታች የሚነገረው ሁሉ ከንቱ ድካም ይሆናል።

አንድ የሚመስሉ ሁሉ አንድ አይደሉም

«ከዋናው ግቢ ወደ ሪፈራል በየት በኩል ይኬዳል?» የሚለው ጥያቄ መልሱ ዘንድሮም አምናም ያው ነው። ይህ እውነተኛ ድግግሞሽ ነው፤ አንዴ በደንብ ከተመለሰ ይበቃዋል።

«አቶቴ አንድ ክፍል ስንት ገባ?» እና «ኢንዱስትሪ ፓርክ እየቀጠሩ ነው?» የሚሉት ግን ቃላቸው ቢደገምም መልሳቸው ያረጃል። እዚህ ላይ የድሮውን ሊንክ ሰጥቶ መዝጋት ጠያቂውን ያሳስታል፤ የአምናውን ዋጋ ይዞ ከአከራይ ፊት ይቆማል። ብዙ አድሚን የሚሳሳተው በዚህ ነው፤ ጥያቄው እንደተደገመ ያያል፣ መልሱ ስንት ጊዜ እንደቆየ አያይም።

«ፋይዳ የት ነው የሚመዘገበው?» እና «ፋይዳ ተመዝግቤ ቁጥሬ አልደረሰኝም» ደግሞ በአንድ ቃል የተገናኙ ሁለት ጉዳዮች ናቸው። ሁለተኛውን እንደ መጀመሪያው ቆጥሮ ወደ ምዝገባ ቦታ ዝርዝር የመራ አድሚን ምንም አልመለሰም። መለያው ቀላል ነው፦ የድሮው መልስ እንዳለ ቢለጠፍለት ይህ ሰው ነገ ተነስቶ ጉዳዩን መፈጸም ይችላል? ካልቻለ ድግግሞሽ አይደለም።

ከእነዚህ ውጭ ሆን ተብሎ የሚደጋገም ማስታወቂያ አለ፤ እሱን በኋላ እንመለስበታለን።

ማጥፋት

ፈጣኑ ይኸው ነው፤ ሁለት ጊዜ መንካት ይበቃል። ችግሩ ጠያቂው መልእክቱ እንደጠፋ ምንም ማሳወቂያ አይደርሰውም። ኔትወርክ ቆርጦበት ያልተላከ ይመስለዋል፤ መልሶ ይልካል። ስለዚህ ዝም ብሎ ማጥፋት ራሱ ድግግሞሽ ይወልዳል።

ሌላው ጉዳት መልስ የተሰጠበትን ጥያቄ ማጥፋት ነው። ከሥሩ የተሰጡት መልሶች ይቀራሉ፣ ምን እንደተጠየቀ ግን አይታወቅም። «አዎ፣ ከሞቢል ዝቅ ብሎ ነው» የሚል መልስ ጥያቄው ከሌለ ማንንም አይጠቅምም። ግሩፑ በርዕሶች (ቴሌግራም Topics በሚላቸው፣ ለየጉዳዩ በተለዩ ክፍሎች) የተከፋፈለ ከሆነ ደግሞ አንድን ርዕስ ማጥፋት በውስጡ ያለውን መልእክት ሁሉ ይዞ ይሄዳል። አድሚኖች በቅርብ የተደረገውን የሚያዩበት መዝገብ 48 ሰዓት ብቻ ይቆያል፤ በስህተት የጠፋን ነገር ማን እንዳጠፋው ለማወቅ የሚቻለው በዚያ ጊዜ ውስጥ ነው። መዝገቡ ያሳያል እንጂ መልእክቱን ወደ ቦታው አይመልስም።

ማጥፋት የሚገባው ያው ሰው ያንኑ ነገር በደቂቃዎች ልዩነት ሲልክ (አንዱን ትቶ ሌላውን)፣ ግልጽ ማጭበርበር ሲሆን፣ ወይም የሌላ ሰው ስልክ ቁጥር ወይም የመታወቂያ ፎቶ ሲለጠፍ ነው። በመጨረሻው ጉዳይ መዘግየት አያስፈልግም።

ሊንክ ሰጥቶ መዝጋት

ለእውነተኛ ድግግሞሽ ከሁሉ የሚመረጠው ይህ ነው። የድሮውን ጥሩ መልስ ነክታችሁ ሊንኩን ኮፒ አድርጉ፤ ለአዲሱ ጥያቄ ሪፕላይ አድርጋችሁ ሊንኩን ለጥፉ። ሪፕላይ ማድረጉ ወሳኝ ነው፤ ያለ ሪፕላይ የተለጠፈ ሊንክ የግሩፑን ማሳወቂያ ላጠፋ ጠያቂ አይደርሰውም። ከሊንኩ ጋር መልሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አሳጥሩት። ጥቅል አልቆበት በቴሌኮም ሱቅ ዋይፋይ የገባ ሰው ሁለት ጊዜ እየነካ እንዲፈልግ አታድርጉት።

የግል ግሩፕ ሊንክ ለአባላት ብቻ ነው የሚከፈተው። ያንን ሊንክ ወደ ሌላ ግሩፕ ወስዶ ቢለጥፉት አይሠራም፤ የሕዝብ ግሩፕ ከሆነ ግን ለማንም ይከፈታል።

«መዝጋት» የሚለው ቃል በቁም ነገር የሚሠራው ርዕሶች በተከፈቱበት ግሩፕ ነው። ይህ አሠራር በቴሌግራም የመጣው እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ሲሆን፣ ርዕሱን ተጭኖ በመያዝ ከሚመጣው ዝርዝር ላይ ይዘጋል። ከተዘጋ በኋላ አድሚኖች እንጂ ሌሎች አይጽፉበትም፤ የተጻፈው ግን ይነበባል። ርዕስ በሌለው ተራ ግሩፕ አንድን ጥያቄ ለይቶ መዝጋት አይቻልም፤ ያላችሁ ሪፕላዩ ብቻ ነው።

ስትዘጉ ከሁለቱ የትኛው ክፍት ይቆይ? ልማዱ ቀድሞ የመጣውን ማቆየት ነው። እኛ ግን መልሱ የተሻለው ይቆይ እንላለን፣ ቢያንስ ለሚያረጁ ጉዳዮች። የድሮው ርዕስ መጨረሻ ላይ ወደ አዲሱ የሚመራ ሊንክ አስቀምጣችሁ ዝጉት፤ ከዚህ ቀደም ሊንኩን የተቀበሉ ሰዎችም እየተከተሉ ወደ አዲሱ ይደርሳሉ።

ማዋሐድ

ሁለት ርዕሶችን አንድ የሚያደርግ ቁልፍ ቴሌግራም የለውም። መልእክትን ከአንድ ርዕስ ወደ ሌላ ማዛወርም አይቻልም። ያለው ፎርዋርድ ማድረግ ነው፤ ፎርዋርድ የሆነ መልእክት ደግሞ ሰዎች የሰጡትን ምልክት (ሪአክሽን) ትቶ ይመጣል፣ የቀኑ ቅደም ተከተልም ይፈርሳል። ግሩፑ ይዘት እንዳይወሰድ ከተከለከለ ፎርዋርዱም አይሠራም።

ስለዚህ ማዋሐድ ማለት በእጅ መጻፍ ነው። ከሁለቱ ወይም ከሦስቱ ቦታ ጠቃሚ መልሶችን ሰብስባችሁ አንድ መልእክት ታዘጋጃላችሁ፤ ከእያንዳንዱ ነጥብ ጎን የመጣበትን መልእክት ሊንክ ታደርጋላችሁ፤ ከላይ «የታደሰበት ቀን» ብላችሁ ቀኑን ትጽፋላችሁ፤ ከዚያ ፒን ታደርጉትና (ከግሩፑ አናት ላይ ታቆዩትና) የቀሩትን ትዘጋላችሁ። ሁለት መልሶች ከተጋጩ አንዱን አትምረጡ፤ ሁለቱንም ከነቀናቸው አስቀምጡ። አንዱ የድሮ አሠራር ሊሆን ይችላል፣ ወይም አንዱ መናኸሪያ ሌላው ታቦር ክፍለ ከተማ የገጠመውን ነግሮ ይሆናል።

ይህ እንደ ጉዳዩ ግማሽ ሰዓት ይወስዳል። ለእያንዳንዱ ጥያቄ ካደረጋችሁት በሁለተኛው ሳምንት ትሰለቻላችሁ። መለኪያ ይሁናችሁ፦ አንድ ጥያቄ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ ከመጣና መልሱ በየቦታው ተበታትኖ ከተገኘ አዋሕዱት። ከዚያ በታች ከሆነ ሊንክ ይበቃል።

ርዝመቱንም አስቡበት። አንድ የቴሌግራም መልእክት እስከ 4,096 ፊደልና ምልክት ይይዛል፤ በአማርኛ ወደ 700 ቃል ገደማ ነው። በፎቶ ሥር የሚጻፍ ጽሑፍ ግን በነፃው አካውንት 1,024 ላይ ይቆማል፤ ከ200 ቃል ያነሰ ማለት ነው። ስለዚህ የተዋሐደውን መልስ ከሚያምር ፎቶ ሥር አትጻፉት፤ ፎቶው ለብቻው ይሂድ።

ከርዕሱ በታች ደግሞ የመፈለጊያ መስመር ጨምሩ፦ «ሀዋሳ ሐዋሳ ሃዋሳ አዋሳ፣ ኪራይ ለኪራይ የሚከራይ ተከራይ»። ለአንባቢ አያምርም፣ ለፍለጋ ግን መድኃኒት ነው። ሃሽታግም በግዕዝ ፊደል ይሠራል፤ ክፍት ቦታ ስለሚቆርጠው በሥር ሰረዝ አያይዙት፣ #የቤት_ኪራይ እንደሚባለው። ሃሽታጉ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲቆይ አድሚኖች በአንድ አጻጻፍ መስማማት አለባቸው። አንዱ #ሥራ ሌላው #ስራ ካሉ ሁለት መደርደሪያ ሠራችሁ።

ፒን የተደረገውን ማን ይጻፈው?

ጥቃቅን የሚመስል፣ በኋላ ግን ራስ የሚያዞር ጉዳይ ነው። በግሩፕ ውስጥ ተራ አባል የጻፈውን ማስተካከል የሚችለው እስከ 48 ሰዓት ነው። ፒን የማድረግ ፈቃድ ያለው አድሚን ግን የራሱን መልእክት በፈለገው ጊዜ ማደስ ይችላል። የሌላውን መልእክት ግን እሱም አይነካውም። ስለዚህ ጥሩ የጻፈውን አባል መልስ እንዳለ ፒን ካደረጋችሁት በሦስተኛው ቀን ማንም የማያድሰው ጽሑፍ ይሆናል፤ የጻፈው አድሚን ከግሩፑ ከወጣም ያው ነው።

መውጫው ሁለት ነው። አንደኛው፣ አድሚኑ በራሱ ስም እንደገና ጽፎ የአባሉን ስም በምስጋና መጥቀስ። ሁለተኛውና ለትልልቅ ግሩፖች የሚሻለው፣ መልሶቹን ከግሩፑ ጋር በተያያዘ ቻናል ላይ መጻፍ ነው። በቻናል ላይ የማስተካከል ፈቃድ የተሰጠው አድሚን ሁሉ ጽሑፉን ማደስ ይችላል፤ ሰው ቢቀየር ሥራው አይቆምም። ግሩፑ ላይ ፒን የሚሆነው የቻናሉ ሊንክ ነው። ፒን ስታደርጉ ለሁሉም ማሳወቂያ እንዳይሄድ የሚለውን ምረጡ፤ በየሳምንቱ ስልኩ የሚጮኽበት ሰው ግሩፑን ሚውት ያደርግና የምትጽፉትን ሁሉ ማየት ይተዋል።

ቦት

ቦት ሁለት ዓይነት ሥራ ይሠራል፣ ልዩነታቸውን መለየት ያስፈልጋል። ሮዝ የሚባለውን የታወቀ ቦት ብንወስድ፣ አንዱ ቃል ሲያይ በራሱ የሚመልስ ማጣሪያ ነው፤ ሌላው አስቀምጣችሁት ስትጠሩት ብቻ የሚመጣ ማስታወሻ ነው።

ማጣሪያው ማራኪ ነው፣ በአማርኛ ግን ሁለት ጊዜ ይሰናከላል። «ኪራይ» በሚል ቃል ካዘጋጃችሁት «የሚከራይ አለ?» የሚለውን ያልፈዋል። በሌላ በኩል ሁለት ሰዎች ስለ ኪራይ ሲጨዋወቱ በየመልእክቱ መሀል እየገባ ያቋርጣቸዋል። አጻጻፎቹን ሁሉ እየጨመራችሁ ስትሄዱ ጣልቃ ገብነቱ ይብሳል። ማስታወሻው ሰው ይፈልጋል፣ ሰው ግን ጥያቄው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ያውቃል። በእኛ አስተያየት ለአማርኛ ግሩፕ ማስታወሻው ይሻላል፤ ማጣሪያውን ለማያሻማ ረጅም ሐረግ ብቻ አቆዩት።

አንድ ጥንቃቄ። አድሚን የሆነ ቦት የግሩፑን መልእክት ሁሉ ያነባል። ማን እንደሠራው የማታውቁትን ቦት በሰው ስልክ ቁጥር በተሞላ የኪራይ ግሩፕ አድሚን አታድርጉ። የምታምኑትም ቢሆን አዲስ አድሚን የመጨመር ፈቃድ አያስፈልገውም።

እንዳለ መተው

ለሚያረጁ ጥያቄዎች ብዙ ጊዜ የሚያዋጣው ይህ ነው። የኪራይ ዋጋ በየወሩ መጠየቁ ግሩፑን ሕያው የዋጋ መዝገብ ያደርገዋል፤ ከስድስት ወር በኋላ ወደ ኋላ ተመልሶ የሚያይ ሰው ዋጋው እንዴት እንደሄደ ያነባል። ያለ ገደብ ከተተወ ግን ሌላው ጥያቄ ይሰጥማል፤ ለዚህ መድኃኒቱ የራሱ ርዕስ መስጠት ነው።

ርዕሶችን ስትከፍቱ ከስድስት እስከ ስምንት ይበቃል፦ ኪራይ፣ ሥራ፣ ትራንስፖርት፣ መታወቂያና ፋይዳ፣ ጤና፣ ግዢና ሽያጭ፣ የጠፋና የተገኘ። ርዕስ የመፍጠር ፈቃዱን ከአባላት ላይ አንሱ። ካላነሳችሁት እያንዳንዱ ጥያቄ የራሱን ርዕስ ይከፍትና ድግግሞሹ ከመልእክት ወደ ርዕስ ያድጋል። «አጠቃላይ» የሚለውን ርዕስ ማጥፋት አይቻልም፣ መደበቅ ግን ይቻላል። ሁለት መቶ ሰው ለማይሞላ የሠፈር ወይም የዶርም ግሩፕ ይህ ሁሉ መከፋፈል አያስፈልግም፤ አንድ በደንብ የተጻፈ ፒን ይበቃዋል።

የደላላ ማስታወቂያ

ያው ቤት በቀን አምስት ጊዜ ይለጠፋል። ብዙዎች የሚሄዱበት መንገድ በመልእክት መሀል የግዴታ ቆይታ ማድረግ ነው፤ ከጥቂት ሰከንድ እስከ 1 ሰዓት ይመረጣል፣ አድሚኖችን አይመለከትም። ጉድለቱ ለመላው ግሩፕ እንጂ ለአንድ ርዕስ ብቻ አለመሆኑ ነው። በሰዓት አንዴ ብላችሁ ደላላውን ስታስቆሙ፣ ልጁ ታሞ «አሁን ክፍት የሆነ ፋርማሲ የት አለ?» የሚለውንም አስቆማችሁ። ሠላሳ ሰከንድ ወይም አንድ ደቂቃ ጎርፉን ያበርዳል፤ የቀረው በግሩፑ ደንብ ይያዝ፦ አንድ ቤት በሦስት ቀን አንዴ፣ ሁለተኛው ይጠፋል።

ሦስት ደላሎች ያንኑ ቤት በሦስት ዋጋ ሲለጥፉ ግን አትንኩት። ለተከራይ ከዚህ የበለጠ መረጃ የለም። ቤቱ ያው መሆኑ እንዲታወቅ ማስታወቂያው ሠፈሩን፣ የክፍሉን ብዛት፣ ውሃና መጸዳጃው የግል ይሁን የጋራ፣ ዋጋውንና ቀኑን እንዲይዝ አስገድዱ። ከእነዚህ አንዱ የጎደለው ይጠፋል፣ የጠፋበትም ምክንያት ለደላላው በሪፕላይ ይነገረዋል።

በዋትስአፕና በፌስቡክ

ዋትስአፕ ለዚህ ሥራ ጠባብ ነው። ግሩፑ እስከ 1,024 ሰው ይይዛል፣ ፒን የሚደረገው ሦስት መልእክት ሲሆን ቢበዛ ለ30 ቀን ነው፣ የጻፉትንም ማስተካከል የሚቻለው በ15 ደቂቃ ውስጥ ነው። ለዕድርና ለቤተሰብ ይሆናል። በፌስቡክ ግሩፕ አስተያየት መስጫውን ዘግቶ ፖስቱን ማቆየት ይቻላል፤ ከላይ ካየነው ሊንክ ሰጥቶ ከመዝጋት ጋር አንድ ነው።

ጥያቄው በሲዳምኛ ሲመጣ

በአማርኛ ተመልሷል ተብሎ እንደ ድግግሞሽ ሊዘጋ አይገባውም። ሲዳምኛ በላቲን ፊደል ስለሚጻፍ የአማርኛው መልስ በፍለጋ አይወጣለትም፤ ቢወጣለትም የማያነበው ይኖራል። ከአድሚኖች አንዱ ቋንቋውን የሚችል ይሁን፤ መልሱን በሁለት ዓረፍተ ነገር በሲዳምኛ ጽፎ የአማርኛውን ሊንክ ከሥሩ ያድርግ፤ ፒን በተደረገው መልስ የመፈለጊያ መስመር ላይም የሲዳምኛውን ቃል ይጨምር።